በሥዕል ያፈሰሰው ጣሪያ

ልጆቼ፣ ጥበበኛ አስተዳደር ምን እንደሚመስል ንገረን ብትሉኝ ከእኛ ሥዕል ትምህርት ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኝላችሁም። ሌላ ቦታ ጣሪያ ሲያፈስ ሰው መሰላል ፍለጋ ይራወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ክቡር ዳይሬክተራችን ግን ቸኩለው አያውቁም። የክፍል ቁጥር አሥራ ሁለት ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረ ዕለት ደረጃውን በእርጋታ ወጡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ ግንባራቸው ላይ ያረፈችውን ጠብታ በመሐረባቸው በክብር ጠረጉና ውሳኔ ሰጡ።

«ችግሩ ጣሪያው አይደለም» አሉ። «ችግሩ ከጣሪያው ሥር ሰው መኖሩ ነው። ሰው ከሌለ ማንን ያረጥባል?»

ክፍሉ በዚያው ዕለት ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ያረጠበው ተማሪ የለም፤ ይህም በየዓመቱ ሪፖርት ላይ «የተገኙ ውጤቶች» ከሚለው ሥር ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ ይጻፋል። ለጥገናውም ቢሆን ለበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሄዷል። መልሱ በየዓመቱ ያው ነው፤ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ይገኛል» ይላል።

እኔ እዚያ ቤት ሥራዬ መቀመጥ ነው። ልጆቹ ሰው መሳል የሚማሩት እኔን እያዩ ነው። አፍንጫዬን አንዱ እንደ ቃሪያ አሹሎታል፣ ሌላው እንደ ድንች አድበልብሎታል፤ ሁሉንም ይቅር ብያለሁ። የማይንቀሳቀስን ሰው እንደ ዕቃ ስለሚቆጥሩት ፊቱ የማይወራ ነገር የለም። የምነግራችሁም እዚያው ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

ክፍሉ ሲቆለፍ ትምህርቱ ወደ ኮሪደር ወረደ። አሥራ ስምንት ልጆች በደረጃውና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ተደርድረው ይስላሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር ሸራቸውን ብድግ አድርገው ያሳልፉታል፤ አንዱ ሲያስነጥስ የሦስት ሰው መስመር ይዛነፋል። ብርሃኑ ከአንዲት አምፖል ነው፤ እሷም ያየችውን ሁሉ አረንጓዴ ታደርጋለች። በዚያ ዘመን የተሣልኩበት ሥዕል ሁሉ ያየውን ሰው «ይማርህ» ያሰኘዋል።

ከልጆቹ አንዷን ሚጢጢ ይሏታል። ቁመቷ ከሸራዋ አይበልጥም፤ ዓይኗን ግን ምንም አያመልጠውም። ክፍል አሥራ ሁለትን ትምህርት ቤቱን የገባች ሰሞን አንድ ሳምንት ያህል አይታዋለች። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባባቸው ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያን ብርሃን አንድ ሳምንት ቀምሳ አራት ዓመት ስትናፍቀው ኖረች።

«አባባ» ትለኛለች፣ «ልመረቅ አንድ መንፈቅ ቀረኝ። እዚያ ብርሃን ሥር አንድ መንፈቅ ብቻ ብቀመጥ የእርስዎን ፊት በትክክል አወጣው ነበር።»

«ባይወጣም አልቀየምሽም።»

«እኔ እቀየማለሁ። የሰው ፊት በወጉ ሳላይ ሠዓሊ ናት ተብዬ ልሂድ?»

ምን ይባላታል። ዝም አልኳት፤ ዝም ማለቱን በደመወዝ ነው የምሠራው።

አንድ ጠዋት ክቡር ዳይሬክተራችን ደረጃው ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ።

«ውድ ተማሪዎች፣ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው። ሥዕል ለመስቀል ግድግዳ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ወደ ኋላ የቀረ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ግድግዳ የለንም፤ ስለዚህ ቀድመናል ማለት ነው። በኢንተርኔት የሚታይ ዐውደ ርዕይ እናዘጋጃለን። ርዕሱም ‹የምናመልጥባቸው ዓለማት› ይሰኛል። እያንዳንዳችሁ ሰው ገብቶ ከኑሮው የሚያርፍበት አንድ ዓለም ከሐሳባችሁ አፍልቃችሁ በኮምፒውተር ሠርታችሁ ታቀርባላችሁ።»

ሐሳቡ ሁልጊዜ ሰማይ ላይ ስለሆነ ደመናው የሚሉት ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ የምናመልጠው ከምንድን ነው?»

ክቡርነታቸው አምፖሏን አዩ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር አዩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።

«እሱ በኮሚቴ ይወሰናል» አሉ።

የሰው ሐሳብ ብቻውን ከተለቀቀ የት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ኮሚቴው ወዲያው ተቋቋመ። ስሙ «የምናባዊ ዓለማት ገምጋሚና አጽዳቂ ኮሚቴ» ነው። ሰብሳቢው ክቡርነታቸው ናቸው። አንድ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ አለ። ሦስተኛዋ የንብረት ክፍል ኃላፊ ስትሆን ልጆቹ እትዬ መዝገብ ይሏታል። መዝገቧን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የምትዞረው፤ በዚያ ግቢ ቁጥር ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። የምቀመጥበት ወንበር ቁጥር አለው። እኔንም አንድ ቀን ከጎን ከጎን እያየች ስታመነታ ደርሼባታለሁ።

ኮሚቴው ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት ጎን ጠረጴዛ ዘርግቶ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የቀረበው ደመናው ነበር። በደመና ላይ የተሠራ ከተማ አሳየ፤ ሰዎቹ ከቤት ቤት እየተንሳፈፉ ይጠያየቃሉ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ሳየው ጉልበቴ እንኳ ቀለለኝ።

«ይህ ከተማ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አልለካሁትም ጋሼ፤ ደመና ነው።»

«ጎብኚ ቢወድቅስ?»

«በሐሳቡ ነው የሚገባው፤ በምን ይወድቃል?»

«በሐሳቡ የወደቀ ሰው አንሺ የለውም» አሉ። አባባሉን ስለወደዱት ጸሐፊው ሁለቴ እንዲጽፈው አዘዙ።

ደመናው ከተማውን በብረት አጥር ዙሪያውን አጠረ፤ «ወደ ታች ማየት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም በአራቱ ማዕዘን ተተከለ። ከባሕር ሥር መንደር የሠራችው ልጅ በየቤቱ የእሳት ማጥፊያ እንድትሰቅል ታዘዘች። «ውሃ ውስጥ እኮ ነው» ብትል፣ «መመሪያው ‹ማንኛውም ሕንፃ› ነው የሚለው፤ ደረቅ ሕንፃ አይልም» ተባለች። ጊዜ የማይቆጠርበት ዓለም የሠራው ልጅ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ለጠፈ። ወፎች የሚያስተዳድሩት አገር የሠራው ደግሞ የወፎቹን የትምህርት ማስረጃ አያይዞ እንዲመጣ ተመለሰ።

እኔ በልቤ ኮሚቴው ለሰው ያለውን አሳቢነት አደነቅሁ። ሰው ከኑሮው አምልጦ ሲሄድ ኑሮው እንዳይናፍቀው አጥሩንም ሰሌዳውንም ቀድመው ልከውለታል።

ሚጢጢ መጨረሻ ቀረበች። ኮምፒውተሩን ስትከፍት ኮሚቴው አንገቱን አሰገገ። የታየው አንድ ክፍል ነው። ስድስት ሰፋፊ መስኮት፣ መስታወታቸው የተሟላ። ደረቅ ወለል። በዙሪያው የሸራ ማቆሚያዎች ቆመዋል፤ መሐል ላይ አንድ ወንበር አለ። ብርሃኑ ዝም ያለ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክፍል አሥራ ሁለት።»

«ርዕሱ እኮ በእውን የሌለ ዓለም ነው። የዚህ ምኑ ነው የሌለው?»

«አያፈስም» አለች።

ጸሐፊው ይጻፍ አይጻፍ ጨንቆት እስክሪብቶውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ቀድማ የተናገረችው እትዬ መዝገብ ናት። መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ሃያ አራት የሸራ ማቆሚያ ይታየኛል። እኔ ዘንድ ለክፍል አሥራ ሁለት የተመዘገበው ዘጠኝ ነው። አሥራ አምስቱ ከየት መጡ?»

«ሣልኳቸው።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ሥዕል ናቸው እኮ እትዬ።»

«በማን ኮምፒውተር ሣልሻቸው?»

«በትምህርት ቤቱ።»

«እንግዲያው የትምህርት ቤቱ ንብረት ናቸው» ብላ መዝገቧን ገለጠች። «ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ሳልመዘግብ ያሳለፍኩት ዕቃ የለም፤ ዛሬ አልጀምርም።»

እሷ የያዘችውን ነገር ደግሞ የሚያስለቅቃት የለም። ሃያ አራቱም ማቆሚያ ተመዘገበ። ስድስቱ መስኮት፣ ወንበሩ፣ በሩ፣ እጀታው ሁሉ ገባ። ጣሪያው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ስክሪኑን ደህና አድርጋ መረመረችና «በጥሩ ይዞታ ላይ» ብላ ጻፈች። ሚጢጢ በእያንዳንዱ ማቆሚያ እግር ላይ የንብረት ቁጥር እንድትሥልበት ታዘዘች፤ ሣለች። በዚሁ መሠረት ዓለሟ ጸደቀላት።

ዐውደ ርዕዩ ተከፈተ። ሰው ከየአቅጣጫው በስልኩም በኮምፒውተሩም ገብቶ አየ። ወደ ደመናው ከተማ የገባው ሁሉ ሰሌዳውን አንብቦ ይመለሳል። ጊዜ የማይቆጠርበት ዓለም ምሳ ሰዓት ላይ ዝግ ነው። ሰው የሚውለው በሚጢጢ ክፍል ሆነ። አንዲት ሴትዮ «ቤቴ አምስት ልጅ ይንጫጫል፤ እዚህ ክፍል ገብቼ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ» ብላ ጻፈች። ሚጢጢም ስታነብልኝ ዓይኗ በራ።

ደስታዋ አሥር ቀን ቆየ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ክቡርነታቸው ደረጃው ላይ ቆመው አነበቡት። «ክፍል ቁጥር አሥራ ሁለት በዘመናዊ መልክ ታድሶ ለአገልግሎት መብቃቱን ከዐውደ ርዕዩም ከንብረት መዝገቡም አረጋግጠናል። በራስ ተነሳሽነት ለተከናወነው እድሳት ምስጋናችንን እያቀረብን፣ በሂደት ላይ የነበረው የጥገና ጥያቄ የተፈጸመ በመሆኑ ፋይሉ መዘጋቱን እናሳውቃለን።»

አስጨበጨቡ። ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ» አለች ሚጢጢ፣ «አልታደሰም እኮ። ሥዕል ነው። ይንገሯቸው።»

«ልጄ፣ ምስጋና እንደ ስጦታ ነው፤ አይመለስም። የበላይ አካል ታድሷል ካለ አልታደሰም ማለት ለማን ማለት ነው?»

«ፋይሉ ከተዘጋ ክፍሉ መቼም ሊጠገን አይደለም ማለት ነው?»

«የታደሰ ክፍል ለምን ይጠገናል?» አሉና ደብዳቤውን በፍሬም ሊያስገቡት ሄዱ።

ሚጢጢ መጥታ ከወንበሬ ሥር ቁጭ አለች። «በገዛ እጄ ዘጋሁት አባባ። በሥዕል አሳምሬ አሳምሬ...» ቀሪውን አልጨረሰችውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ጥፍሯን ብቻ በላች።

«የኔ ልጅ» አልኳት፣ «እነሱ አንቺ ከሣልሽው ውጪ ያዩት ነገር የለም። አራት ዓመት እውነተኛው ጣሪያ ሲያፈስ ማን አየው?»

ይህን ያልኩት ላጽናናት ብቻ ነበር። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየችኝ፣ ተነሣች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወጣች። ውጭ እየዘነበ ነበር። ዓይኗን የክፍል አሥራ ሁለት ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ለጥፋ ዝናቡ እስኪያባራ ቆየች። ወርዳ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎነበሰች፤ ምሳም አልበላችም።

በማግሥቱ ዐውደ ርዕዩን የከፈተ ሁሉ ያየው ጉድ ነው። የሚጢጢ ክፍል ያፈሳል። ከሦስት ቦታ ጠብ ጠብ ይላል፤ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል፤ ከሃያ አራቱ የሸራ ማቆሚያም ዘጠኙ፣ በየእግራቸው ላይ ከነቁጥራቸው፣ ይረጥባሉ።

እትዬ መዝገብ መዝገቧን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

«ንብረት እየተበላሸ ነው» አለች። «ቁጥር የተለጠፈበት ዘጠኝ ንብረት፣ በዓይኔ እያየሁት!»

ለእውነተኛው ጣሪያ አራት ዓመት ያልተቀመጠው ኮሚቴ ለሥዕሉ ጣሪያ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ሚጢጢ ተጠራች።

«ይህን ውሃ አጥፊው» አሉ ክቡርነታቸው።

«እንዴት ብዬ ጋሼ? የተመዘገበ ንብረት ያለ ንብረት ክፍል ፈቃድ፣ ያለ ባለሙያ መንካት ክልክል ነው ይላል መመሪያው። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ጣሪያ ሠሪ አይደለሁም።»

«እውነቷን ነው» አለች እትዬ መዝገብ። «የመዘገብኩትን ጣሪያ ማንም ተነሥቶ አይነካውም። ባለሙያ ይጠራ።»

ክቡርነታቸው አሰቡ። የምስጋናው ደብዳቤ የፍሬሙ ቀለም ገና አልደረቀም። ክፍሉ ሲያፈስ የበላይ አካል ቢያይ ምን ይባላል? በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮሉ። «በአስቸኳይ» የሚል ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሠሪው መሰላሉን ተሸክሞ ደረሰ።

«የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?»

ኮምፒውተሩን አዞሩለት። ሰውዬው አጎንብሶ አየ፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባም ዞሮ አየ።

«እሺ፣ አየሁት። መሰላሌን የምደግፈው የት ነው?»

ኮሚቴው እርስ በርስ ተያየ። ስለዚህ ጉዳይ መመሪያው የሚለው ነገር አልነበረም።

«ላይ ቤት» አለች ሚጢጢ። «ክፍል አሥራ ሁለት። ቁልፉ እትዬ ጋ ነው።»

ወጡ፤ ተከፈተ። ጣሪያው የሚያፈሰው ልክ ሚጢጢ በሣለችበት በሦስቱ ቦታ ነበር፤ ኩሬውም በቅርጹ ያው ነው። እትዬ መዝገብ በሥዕሉ ትክክለኛነት ረክታ ራሷን ነቀነቀች። ቆርቆሮ ሠሪው ሦስት ቆርቆሮ ቀየረና እጁን እየጠረገ ወረደ።

«ይህ ነው አራት ዓመት የፈጀው?»

«ጥናት ቀድሞት ነው» አሉ ክቡርነታቸው።

ሚጢጢ ውሃውን ከሥዕሉ ላይ አጠፋች። እትዬ መዝገብ «ተጠግኗል» ብላ ጻፈች። ልጆቹ በዚያ ቅዳሜ ወለሉን አጠቡ፣ መስታወት አስገቡ፣ ሰኞ ጠዋት ሸራቸውንና ቀለማቸውን ተሸክመው፣ እኔንም ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ላይ ወጡ።

በሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ «የዳይሬክተር ቢሮ» ይላል። ክቡርነታቸው ከመስኮቱ ሥር፣ በዚያ በዝምተኛው ብርሃን ውስጥ፣ ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ኑ ግቡ» አሉን በደግነት። «እንዲህ ያለ ደረጃውን የጠበቀ ክፍል ለቀለም ማበላሸት በአስተዳደር ዓይን አግባብ ሆኖ አላገኘሁትም። በእናንተ ስም እኔ ገብቼበታለሁ።»

ደመናው ሸራውን ወለሉ ላይ አኖረ። ሚጢጢ ክቡርነታቸውን ትክ ብላ አየቻቸው፤ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸው ሥር ያለውን ጥላ። መቼም ሠዓሊ ሲያይ ሌላ ነው። ክቡርነታቸው ሲያዩዋት አንገታቸውን አቀኑ።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም ጋሼ። ለዚህ ቢሮ የእርስዎ ምስል ቢሰቀልበት ብዬ ነው።»

«ፎቶግራፍ አለኝ።»

«ፎቶማ ሁሉም ዳይሬክተር አለው።»

ክቡርነታቸው ግድግዳውን አዩ። «ዘይት ቀለም?» አሉ።

«ዘይት ቀለም። ኮሪደሩ ላይ ግን አልሥልዎትም፤ አምፖሉ አረንጓዴ ያደርግዎታል። እዚሁ መሆን አለበት። ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ከሣለዎት በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታዩት።»

«አንድ ጎን አይበቃም» አሉ ክቡርነታቸው በኃላፊነት ስሜት። «ስንት ሆናችሁ ብትሥሉ ነው ሙሉ የምሆነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ከጠዋት እስከ ማታ ከተቀመጡልን አንድ መንፈቅ።»

ጠረጴዛው ወደ ጥግ ተገፋ። አሥራ ስምንቱ ልጆች ክፍል አሥራ ሁለት ውስጥ ዙሪያውን ቆሙ። ክቡርነታቸው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔም ከሥራዬ ሳልነቀል «የመቀመጥ አማካሪ» ተብዬ መስኮቱ ሥር ቦታ ተሰጠኝ፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ክብደታቸውን ከየትኛው ጎን ወደ የትኛው እንደሚያዛውሩ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። ሚጢጢ ጠዋት እሳቸውን፣ ከሰዓት እኔን ትሥላለች። አፍንጫዬ በስተርጅናዬ ቦታውን አገኘ።

ጸሐፊው ፋይል ይዞ ሲመጣ ልጆቹ «እጃቸው ላይ ነን፤ እንዳይፈርሙ» ይሉታል። ስብሰባ ሲጠራ «አፋቸው ላይ ነን፤ እንዳይናገሩ» ይሉታል። ባለጉዳይ እየቸገረው ጉዳዩን ለሚመለከተው ሰው መውሰድ ጀመረ፤ የሚመለከተው ሰውም የሚጠይቀው ሲያጣ መሥራት ጀመረ። የኮሪደሩ አምፖል ተቀየረ። ሦስት ዓመት የደረቀው ቧንቧ ውሃ ሰጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ፤ ለካ ቁልፉ በሩ ላይ ነበር። ደመናው ሳይቀር ማንንም ሳያስፈቅድ አጥሩን ከከተማው ላይ አነሣ።

መንፈቁ ሊያልቅ ሲል ከበላይ መሥሪያ ቤት ሌላ ደብዳቤ መጣ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ማንቀሳቀስ ስለማይችሉ ሚጢጢ ብሩሿን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አነበበችላቸው። «ትምህርት ቤቱ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ እንዳለፈው መንፈቅ የሠራበት ጊዜ የለም። ለዚህ ውጤት ላበቃን አመራርዎ ከፍ ያለ ምስጋና እያቀረብን፣ ወደፊትም በዚሁ እንዲቀጥሉ አደራ እንላለን።»

ክቡርነታቸው ሳይንቀሳቀሱ፣ በከንፈራቸው ጥግ ብቻ፣ ወደ እኔ አንሾካሾኩ።

«አባባ፣ ምን ስለሠራሁ ነው?»

ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አልዋሽም።

«ምንም» አልኳቸው።